ጉበት ይሉኝታ አያውቅም

በአገራችን እንግዳን ሳያበሉና ሳያጠጡ መስደድ ነውር ነው። ሠርግ ይሁን ክርስትና፣ ማኅበር ይሁን የተማሪ ምርቃት፣ ጋባዡ ከሰው ሰው እየዞረ «በሞቴ! አፈር ስሆን! አንድ ብቻ!» እያለ ብርሌውን ያስሞላል። ተጋባዡ «በቃኝ» ቢል ድግሱን እንደ ናቀ ይቈጠርበታልና እያቅማማ ይቀበላል። ይህ ልማድ ከክፋት ሳይሆን ከፍቅር የመነጨ መሆኑን ማንም አይክደውም። ነገር ግን ጋባዥና ተጋባዥ በይሉኝታ ሲገፋፉ አንድ ሦስተኛ ባለጉዳይ ሳይጠየቅ ይቀራል። እርሱም በቀኝ በኩል ከጎድን አጥንታችን ሥር ተቀምጦ ሌሊትና ቀን የሚሠራው ጉበታችን ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መጠጥን በጅምላ ለመርገም አይደለም፤ ይህንንስ ከእኔ የተሻሉ መካሪዎችና የሃይማኖት አባቶች ብዙ ጊዜ ተናግረውታል። እኔ ላስረዳ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ጉበት አልኮልን የሚያስወግድበት ፍጥነት የተወሰነ ነው፤ በልመና አይጨምርም፣ በቡና አይጣደፍም፣ በጉብዝናም አይበልጥም። ይህ እውነት ከሆነ፣ ሰውን አስገድዶ ማጠጣትም ሆነ ጠጥቶ የማይንገዳገደውን ሰው ማሞገስ ልንተወው የሚገባ ልማድ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ አልኮል ወደ ሰውነታችን እንዴት እንደሚገባ እንመልከት። እንጀራ ስንበላ ሆዳችንና አንጀታችን ገና ፈጭተውና አድቅቀው ወደ ስኳርነት ካልለወጡት በቀር ወደ ደም አይገባም። አልኮል ግን እንዲህ ያለ ድካም አያሻውም። እጅግ ትንሽ የሆነ፣ ከውኃ ጋር በቀላሉ የሚዋሐድ ነገር ስለ ሆነ እንዳለ ሾልኮ ወደ ደም ይገባል። ከአምስት እጅ አንዱ ያህል ከጨጓራ፣ የቀረው ደግሞ ከቀጭኑ አንጀት ይመጠጣል። በባዶ ሆድ የተጠጣ እንደ ሆነ በደም ውስጥ ያለው መጠን ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ ከፍተኛው ላይ ይደርሳል። ደሙም ወደ አንጎል ስለሚያደርሰው፣ መጀመሪያ ማመዛዘንንና ራስን መግዛትን፣ ቀጥሎ የእጅና የእግርን መታዘዝ፣ እጅግ ሲበዛም መተንፈስን የሚያዝዘውን ክፍል ሳይቀር ያደነዝዛል።

በዚህ ላይ አባቶቻችን ያወቁት አንድ መልካም ነገር አለ፤ ይኸውም አስቀድሞ መብላት ነው። ጨጓራ ምግብ ሲይዝ ወደ አንጀት የሚያስተላልፈውን በር ጠበብ አድርጎ ስለሚይዘው፣ አልኮሉ በዝግታ ይወርዳል፤ በደም ውስጥ የሚደርስበትም ከፍታ ያንሳል። ነገር ግን ይህ ጥቅም ከመጠጣት በፊትና ከመጠጥ ጋር ለተበላ ምግብ ብቻ ነው። ሰው ከሰከረ በኋላ ክትፎም ቢያጐርሱት፣ ዱለትም ቢያበሉት፣ ወደ ደሙ የገባውን አልኮል ምግብ ተመልሶ ሊያወጣው አይችልም።

ቀጥሎ ስለ መጠኑ እንናገር። «እኔ ቢራ ብቻ ነው የጠጣሁት» የሚል ሰው በየቦታው ይገኛል። እስቲ እንቍጠረው። በመቶ 5 እጅ አልኮል ያለበት 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ጠርሙስ ቢራ 16.5 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል አለው፤ ክብደቱም 13 ግራም ያህል ነው። በመቶ 40 እጅ አልኮል ያለበት አረቄ 40 ሚሊ ሊትር በሚይዝ መለኪያ ሲቀዳ የሚገኘው አልኮልም እንዲሁ ወደ 13 ግራም ይጠጋል። እንግዲህ ለጉበት አንዱ ጠርሙስና አንዱ መለኪያ እኩል ናቸው። ጉበት የመጠጡን ስምና የብርጭቆውን መልክ አይጠይቅም፤ የሚቈጥረው ግራሙን ብቻ ነው።

በቤት የሚጠመቀው ደግሞ ከዚህ የባሰ ለሒሳብ ያስቸግራል። ጠላ ቀጭንና ወፍራም አለው፤ የጠጅም ኀይል እንደ ማሩ ብዛት፣ እንደ ጌሾውና እንደ ቆየበት ቀን ይለያያል። የአረቄም ነገር ያው ነው፤ አንድ ጊዜ የወጣውና ዳግም የወጣው አንድ አይደሉም። በጠርሙሱ ላይ የተጻፈ ቍጥር ስለሌለ፣ «ሦስት ብርሌ ብቻ» የሚል ሰው ብርሌውን ቈጠረ እንጂ አልኮሉን አልቈጠረም።

አሁን ወደ ጉበት እንመለስ። ወደ ደም ከገባው አልኮል በመቶ 90 እጅ የሚሆነው፣ ከዚያም የሚበልጠው፣ የሚወገደው በጉበት ነው። የቀረው ጥቂቱ በትንፋሽ፣ በሽንትና በላብ እንዳለ ይወጣል፤ የትራፊክ ፖሊስ በትንፋሽ መለኪያ የጠጣውን ሰው ለይቶ የሚያውቀውም በዚህ ምክንያት ነው። የጉበት ሥራ በሁለት ደረጃ ይከናወናል። መጀመሪያ አልኮል ዲሃይድሮጅኔዝ የተባለው ኢንዛይም አልኮሉን አሴታልዴሃይድ ወደሚባል ነገር ይለውጠዋል። ይህ ነገር ከአልኮሉ ከራሱ ይልቅ መርዛም ነው፤ ቶሎ ካልተወገደ ፊትን ያቀላል፣ ልብን ያስመታል፣ ያቅለሸልሻል። ሁለተኛው ኢንዛይም ግን ወዲያው ተቀብሎ አሴቴት ወደተባለ ጉዳት የሌለው ነገር ይለውጠዋል፤ አሴቴቱም በመጨረሻ ውኃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይወጣል።

የነገሩ ቍልፍ ያለው በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ነው። ይህ ኢንዛይም እንደ ሰፈር ወፍጮ ነው። ወፍጮ ቤት በር ላይ አሥር ኩንታል ቢደረደር ወይም መቶ ኩንታል ቢከመር፣ ድንጋዩ በሰዓት የሚፈጨው ያው የለመደውን ያህል ነው፤ የቀረው ተራውን ይጠብቃል። ጉበትም እንዲሁ ነው። በጥቂት መጠጥ ስለሚጠግብ፣ ከዚያ በላይ የመጣው አልኮል ተራው እስኪደርስ ድረስ በደም ውስጥ እየዞረ አንጎልን ያውካል። ይህን ነገር በሚገባ መርምሮ በቀመር ያስቀመጠው ኤሪክ ዊድማርክ የተባለ የስዊድን ሊቅ ሲሆን፣ ሥራውን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1932 ዓ.ም. በመጽሐፍ አሳትሞታል። በአማካይ በአንድ ሊትር ደም ውስጥ ያለው አልኮል በሰዓት 0.15 ግራም ያህል ብቻ ይቀንሳል፤ ይህም ለአንድ ሰው ከ7 እስከ 10 ግራም ማለት ነው። እንግዲህ አንዱ ጠርሙስ ቢራ ብቻውን ጉበትን ከአንድ ሰዓት በላይ ያሠራዋል።

ይህን በምሳሌ እንየው። ክብደቱ 70 ኪሎ የሆነ አንድ ሾፌር ከምሽቱ በ3 ሰዓት ጀምሮ 6 ጠርሙስ ቢራ ጠጣ እንበል። ይህ 78 ግራም አልኮል ነው። በዊድማርክ ቀመር ብናሰላው በአንድ ሊትር ደሙ ውስጥ 1.6 ግራም ያህል ያደርሰዋል፤ በሰዓት 0.15 ግራም ሲቀንስም ደሙ የሚጠራው ከ11 ሰዓት በኋላ፣ ማለት ጠዋት በ2 ሰዓት ገደማ ነው። ይህ ሰው ግን ተኝቶ ተነሥቶ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ ቡናውን ጠጥቶ፣ ጠዋት በ12 ሰዓት ተማሪና ሠራተኛ የሞላበት ሚኒባስ ያስነሣል። በዚያ ሰዓት በደሙ ውስጥ ገና 0.3 ግራም ያህል ይገኛል። በፈረንሳይ አገር ለአውቶቡስ ነጂ የተፈቀደው ከ0.2 ግራም በታች ብቻ መሆኑን ስናስብ፣ «አድሬ ተነሥቻለሁ፤ ምንም የለብኝም» የሚለው ቃል ምን ያህል እንደሚያሳስት እንረዳለን። ሰውዬው አልዋሸም፤ ያታለለው ስሜቱ ነው።

ስለዚህ በየሰፈሩ የሚነገሩት ማርከሻዎች ሁሉ ከንቱ ናቸው። ቡና እንቅልፍን ያባርራል እንጂ አልኮልን አያባርርም፤ ቡና የጠጣ ሰካራም የነቃ ሰካራም ነው፤ ነቅቶ መሪ መያዙም ከመተኛቱ የከፋ ይሆናል። ቀዝቃዛ ውኃ ያስደነግጣል፤ ሥራውን ግን ለጉበት አይሠራለትም። «በላብ ይውጣልህ» ብሎ ማስሮጥም እንዲሁ ነው፤ በላብ የሚወጣው እጅግ ጥቂት ነው። በማግስቱ ራስ ምታቱን በሌላ መጠጥ ማስታገስም ወፍጮ ቤቱ በር ላይ አዲስ ኩንታል መጨመር ነው። «አረቄ ብርድ ያስወጣል» የሚለውም ስሕተት ነው። አልኮል በቆዳችን ሥር ያሉትን ጥቃቅን የደም ሥሮች ስለሚያሰፋቸው ሙቀት ወደ ውጭ ይወጣል። ሰውዬው ሞቀኝ ሲል ሰውነቱ እየቀዘቀዘ ነው፤ ሌሊቱን በደጅ ለሚያድር ዘበኛ ይህ ማለት ምን እንደ ሆነ መገመት አያዳግትም።

አሁን ደግሞ ወደ ሁለተኛው ልማዳችን እንለፍ። «እገሌ ቢጠጣ ቢጠጣ አይሰክርም፤ ወንድ ነው!» ተብሎ ሲሞገስ ያልሰማ የለም። ይህ ሰው በእርግጥ ምን አተረፈ? አዘውትሮ ሲጠጣ አንጎሉ አልኮሉን ስለ ለመደ አይንገዳገድም፤ በደሙ ያለው መጠን ግን ያው ነው። ጉበቱም ሌላ ረዳት ኢንዛይም አብዝቶ ሥራውን በጥቂቱ ሊያፋጥን ይችላል፤ ነገር ግን ዋጋው ከባድ ነው። መጀመሪያ ስብ በጉበት ይከማቻል፣ ቀጥሎ ጉበት ይቈጣል፣ በመጨረሻም ጠባሳ ሞልቶት ይደርቃል። ቶሎ የሚሰክር ሰው «ይብቃህ» የሚለው ማስጠንቀቂያ ቀድሞ ይደርሰዋል፤ የማይሰክረው ግን ደወሉ ተሰብሮበታል። ደወሉ የተሰበረበትን ቤት እሳት አይነካውም ብለን የምናመሰግን እኛው ነን።

ደግሞም ሰው ሁሉ እኩል አይጠጣም፤ «እኔ ያልኩትን ያህል ጠጣ» ማለትም ፍርደ ገምድልነት ነው። አልኮል የሚሰራጨው በሰውነት ውኃ ውስጥ ስለ ሆነ፣ ሰውነቱ ያነሰና የውኃው ድርሻ የቀነሰ ሰው በእኩል መጠጥ ይበልጥ ይሰክራል። የሴቶች የሰውነት ውኃ ድርሻ በአማካይ ከወንዶች ያንሳል። ስለዚህ 55 ኪሎ የምትመዝን ሴት ሾፌሩ ከጠጣው ግማሹን፣ ማለት 3 ጠርሙስ ብቻ ብትጠጣ፣ በአንድ ሊትር ደሟ ውስጥ 1.3 ግራም ያህል ይደርሳል፤ ለመጥራትም 8 ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጅባታል። በሩቅ ምሥራቅ አገሮች ደግሞ ያን ሁለተኛ ኢንዛይም በትውልድ ደካማ ሆኖ የተቀበሉ ብዙ ሰዎች አሉ፤ በአንድ ብርጭቆ ፊታቸው ይቀላል፣ ልባቸውም ይመታል። ታዲያ የአንዱ ሰው ልክ ለሌላው ልክ የማይሆን ከሆነ፣ ልኩን የሚያውቀው ጋባዡ ሳይሆን ባለቤቱ ራሱ መሆን አለበት።

ይህ ነገር ለእኛ ለተማሪዎች ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስብ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው የአልኮል መጠጥ እንዳይሸጥ ይከለክላል። እኔና አብዛኞቹ የክፍል ጓደኞቼ በ18 ዓመታችን ከዚህ ክልከላ ውስጥ ነን። አንዳንዶች ይህን እንደ ንቀት ይቈጥሩታል፤ እኔ ግን ምክንያት አለው እላለሁ። ማመዛዘንን የሚያዝዘው የአንጎል ክፍል እድገቱን የሚጨርሰው ከሃያ ዓመት በኋላ ነው፤ አልኮልም መጀመሪያ የሚያደነዝዘው ይህንኑ ክፍል ነው። ገና በመሠራት ላይ ያለ ቤት ውስጥ ጎርፍ ማስገባት ይሆናል።

ከዚህም ጋር እያንዳንዱ ተማሪ ሊያውቀው የሚገባ አንድ አስጊ ነገር አለ። ጓደኛ ከመጠን በላይ ጠጥቶ ሲወድቅ «ተዉት፤ ተኝቶ ይለቀዋል» ማለት ልማድ ነው። ነገር ግን በሆዱና በአንጀቱ ያለው መጠጥ ገና ስላልተመጠጠ፣ መጠጣት ካቆመ በኋላም በደሙ ያለው አልኮል ሊጨምር ይችላል። በጀርባው ተኝቶ ቢያስመልሰው ትውከቱ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ጉበቱም በአልኮል ስለ ተያዘ ስኳር መሥራቱን ሊያቋርጥ ይችላል፤ ሳይበላ የጠጣ ሰው በዚህ ምክንያት ራሱን ሊስት ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ሰው ብቻውን መተው አይገባም። በጎኑ ማስተኛት፣ ማልበስ፣ አተነፋፈሱን መከታተል፣ ሲጠሩት የማይነቃ ወይም አተነፋፈሱ የዘገየ እንደ ሆነም «ቤተሰቡ ይቈጣል» ሳይሉ ወደ ሐኪም ማድረስ ያስፈልጋል። ቍጣ ያልፋል፤ ሞት ግን አያልፍም።

አንዳንድ አንባቢ፣ «ጠላና ጠጅ የአባቶቻችን መጠጥ ናቸው፤ ስንት እናትስ ጠላ ጠምቃ ልጆቿን አስተምራ የለም?» ብሎ ሊቃወመኝ ይችላል። ተቃውሞው ከባድ ስለ ሆነ በክብር ልመልስለት ይገባኛል። ብቅል አብቅላ፣ ጌሾ ወቅጣ፣ ጭስ ጠጥታ ልጅዋን ለትምህርት ያበቃች እናት ምስጋና ይገባታል፤ ልጅዋም አብሮን የሚማር ወንድማችን ነው። እኔ ጋኑ ይሰበር አላልኩም። ያልኩት «በቃኝ» ያለ ሰው ይተው ነው። ሙያዋ የሚከበረው ሰው ወዶ ሲጠጣላት እንጂ ተገዶ ሲጠጣ አይደለም። «ጥቂት መጠጥ ጤና ነው» ለሚለው ደግሞ፣ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1988 ዓ.ም. የአልኮል መጠጥን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት ነገሮች ጋር እንደ መደበው ማስታወስ ይበቃል። መጠጣት የያንዳንዱ ሰው ፈንታ ነው፤ መድኃኒት ነው ብሎ ለሌላው ማዘዝ ግን አይገባም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? እኔ አራት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ በድግሳችን «በቃኝ» የሚለው ቃል ምክንያት የማይጠየቅበት፣ የመጨረሻ ቃል ይሁን። ጾመኛ ነኝ፣ መድኃኒት እወስዳለሁ፣ ሃይማኖቴ አይፈቅድልኝም እያለ ሰው ሰበብ ለመደርደር አይገደድ። ሁለተኛ፣ ውኃና ብርዝ ከጠጁ ጎን እኩል ክብር አግኝተው ይቅረቡ፤ ብርዝ የሚጠጣ ሰውም እንደ ሕፃን አይታይ። ሦስተኛ፣ መኪና ይዞ የመጣን እንግዳ የሚያከብር ጋባዥ ገና ከመጀመሪያው አያጠጣው፤ የጠጣውንም በቡና ሸኝቶ ቍልፉን ከማስያዝ ፍራሽ ዘርግቶ ያሳድረው። እውነተኛው እንግዳ ተቀባይነት ይህ ነው። አራተኛ፣ በባዮሎጂ ትምህርታችን ጉበትን በሥዕል ብቻ ከማጥናት ይልቅ፣ ከላይ ያሳየሁትን ሒሳብ እያንዳንዱ ተማሪ በክፍል ውስጥ እንዲሠራ ይደረግ። አንድ ጊዜ በገዛ እርሳሱ ያሰላ ተማሪ በቀላሉ አይረሳውም።

በቅርቡ የመጨረሻ ፈተናችንን ጨርሰን እንመረቃለን፤ በየቤቱም ድግስ ይደገሳል። አጎቶቻችንና አክስቶቻችን «አሁንማ ሰው ሆነሃል፤ ቅመስ! አንቺም ቅመሺ!» ይሉናል። በዚያን ቀን ወላጆቻችን «ተዉት፤ በቃኝ ብሏል» ብለው ቢያግዙን ከስጦታ ሁሉ የበለጠ ስጦታ ይሆንልናል። «ሳይቃጠል በቅጠል» ይባላልና፣ ሰው አልጋ ላይ ከወደቀ በኋላ ከማልቀስ ብርሌው ሳይሞላ እጅን መመለስ ይሻላል። ጉበት አፍ የለውም፤ ይሉኝታም አያውቅም፤ ስለ እርሱ «በቃኝ» የምንለው እኛ ብቻ ነን ለማለት እወዳለሁ።